የእትዬ ዘነበችን መስመር የዘጋሁ ዕለት

እኔ ወሬ ማሳጠር አልችልበትም። ሥራ ቦታ «ሰናይት ታሪክ ከጀመረች ብሬክ አለቀ በሉ» ይሉኛል። ይህችን አንዲቱን ግን ለማንም ሳልተነፍስ ሁለት ክረምት አለፈ። አሁንም የምጽፋት ባለታሪኳ እትዬ ዘነበች «ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ለውጪው» ብለው ስለፈቀዱልኝ ነው። ስማቸውን ለውጫለሁ። የኔን ጥፋት ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በስደት ባለሁበት ከተማ፣ ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር፣ ዩኒት የሚሏትን አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። በሳምንት አራት ቀን ሰንሻይን ዌስት አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ኮምፒውተር በትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና መልሼ እየሠራሁ ነው። ነገሩ የጀመረው ሺፍት ቀንሰውብኝ ቤት በዋልኩበት ወራት ነው። ሰዎች ለቆሻሻ መኪና ከደጃቸው ካወጡት ክምር ውስጥ የዳቦ ያህል መጠን ያላት፣ ሁለት የኬብል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ኮምፒውተር አገኘሁ። ቤት ወስጄ አቧራዋን አራገፍኩ፣ ሊነክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩባት፣ ፋየርወል አደረግኋት።

ፋየርወል ለማታውቁት፣ የግቢ ዘበኛ በሏት። ከካምፓኒው የሚመጣው መስመር በአንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ የቤቱ ዋይፋይ ከሌላው ይነሳል፣ እሷ መሃል ትቀመጣለች። ማን ይለፍ፣ ማን ይመለስ የሚለውን ሕግ የሚጽፍላት ሰው ነው። ሕጉን ከላይ ወደ ታች ታነብባለች፤ መጀመሪያ የገጠማትን ትፈጽማለች፤ ለምን ብላ አትጠይቅም። ያኔ መጀመሪያ ቀን ሁለቱን ኬብሎች አቀያይሬ ሰክቼ ግማሽ ቀን ስታገል ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ይህች ነገር ፍቅር ሆነችብኝ። ወሬው ተሰማና የሐበሻ ቤት ኢንተርኔት እምቢ ባለ ቁጥር የሚደወለው ለኔ ሆነ።

እትዬ ዘነበች ቤት የገባሁትም በዚሁ ነው። ባላቸውን ቀብረው ሰንሻይን ዌስት፣ ትላልቅ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ዳር ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሜሮን ነርስ ናት። እትዬ አንዲት ታብሌት አለቻቸው፤ ስልካቸው ኢንተርኔት የሌለው፣ ውጭ አገር የማይደውል ባለቁልፉ አሮጌው ነው። አንድ ቀን ታብሌቷ ላይ የማያውቁት ገጽ ተከፍቶ «ታብሌትህ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ቶሎ ደውል» እያለ እንደ አምቡላንስ ሲጮህ ደነገጡ፤ ልባቸውም ደካማ ነው፣ ሐኪም ቤት አደሩ። ስለዚህ አንዲት ዘበኛ ሠራሁላቸው። «ችግር ሲኖር ቤቴ ሆኜ ገብቼ ላስተካክልልዎት?» አልኳቸው። «ቤቴ ቤትሽ አይደል እንዴ!» አሉኝ።

ያስተማርኳቸውን ሁሉ በእርሳስ ጻፉ። በተለይ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል። «እትዬ፣ ኢንተርኔት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚሠራ ነገር ይፈልጉ። ምንም ካልሠራ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የካምፓኒው ነው። አንዱ እየሠራ ሌላው እምቢ ካለ ግን የከለከለችው ዘበኛዋ ናት። ዘበኛዋ ደግሞ ሰው ካላዘዛት አትከለክልም።»

ታብሌቷ ለእትዬ አንድ ዋና ሥራ ነበራት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ታናሽ እህታቸው እትዬ አስካለ በቴሌግራም ይደውላሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እትዬ ዘነበች አዝለው ያሳደጓቸው እህት ናቸው። የሚያወሩት ቁም ነገር አልነበረም። የጎረቤት ውሻ፣ የጉልበት ሕመም፣ «ምን በላሽ?» «አንቺስ ምን በላሽ?» ይኸው ነው። አንድም ቀን አልቀረም።

በዚያ ክረምት አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ አልገባሁም፤ ልብስ ሳጥፍ ስልኬ ጠራ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ታደሰ ናቸው። በዚህ አካባቢ መርዶ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ልብሱን አስቀምጬ አነሳሁት።

«ሰናይት፣ ቤት ነሽ? ቁጭ በይ። የዘነበች እህት አርፋለች።»

«ውይ! እትዬ አስካለ? መቼ?»

«ሌሊቱን መሰለኝ። ልጅዋ ህሊና ደወለችልኝ።»

«ሞቱ አለችዎት?»

«‹እማዬ በጣም ደክማለች፤ አክስቴን ቀስ አድርጋችሁ አዘጋጁልን› ነው ያለችኝ።»

«ታዲያ… ደክመዋል ነው እንጂ ያለችው፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ሞተ ብሎ የሚደውል ዘመድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያውም ለመርዶ ነጋሪ! ‹አዘጋጁልን› ካሉ አለቀ ማለት ነው። ስንቱን ስቀበል ኖሬ ይህን ልሳት?»

እውነታቸውን ነው። የኔም አባት የሞተ ጊዜ የተነገረኝ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነበር። መልሼ ወደ ህሊና እንደውል ለማለት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ሐዘን ላይ ያለችን ልጅ «እናትሽ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

«ሜሮን እስከ ነገ ማታ ሺፍት ላይ ናት» አሉ ጋሼ። «ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳለች። እናቷ ብቻዋን ከሰማች ልቧ አይችልም ብላ ትፈራለች። ቅዳሜ ማለዳ ሁላችንም ተሰብስበን፣ ሜሮንም ባለችበት እንነግራታለን። እስከዚያ ግን ያቺ ታብሌት… አንዱ አጉል ሰው ‹ነፍስ ይማር› ብሎ ይጽፍባታል። ዝጊልን።»

«እኔ?»

«ግቢውን ያጠርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ወገኖቼ፣ እምቢ ማለት አልመጣልኝም። ይባስ ብሎ፣ አደራ የተሰጠኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ከሴንት አልባንስ ሆኜ እትዬ ዘነበች ቤት ገባሁ። ከሕጉ አናት ላይ፣ ዘበኛዋ ከሁሉ አስቀድማ በምታነብበው ቦታ፣ ቴሌግራምንና ፌስቡክን የሚከለክሉ መስመሮች ጻፍኩ። ያ እንኳ ቢሸወድ ብዬ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመርኩ፤ ታብሌቷ የቴሌግራምን አድራሻ ስትጠይቅ «የለም» የሚል መልስ እንድታገኝ አደረግሁ። ቅዳሴ የሚሰሙበትን፣ የአየር ጠባይ የሚያዩበትን ተውኩላቸው፤ ሁሉን ብዘጋ ይጠረጥራሉ ብዬ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሥራው ንጹሕ ነበር። ወደ ልብሴ ተመለስኩ።

አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ በባለቁልፉ ስልክ ደወሉልኝ።

«ሰኒዬ፣ አስካልን አጣኋት። ታብሌቷ ትዞራለች ትዞራለች፣ አትወጣም።»

«ከካምፓኒው ነው እትዬ። ነገ ተነገ ወዲያ ይስተካከላል።»

«እሺ ልጄ። እሷ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ያ «እግዜር ይስጥልኝ» ጆሮዬ ውስጥ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ብሬክ ላይ ስልኬን ሳይ እትዬ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። መልሼ ደወልኩ።

«ሰኒ፣ ሌሊቱን ሕልም ሲያቃዠኝ አደረ። ዛሬ ከሰዓት አውቶቡስ ይዤ ሰንሻይን ላይብረሪ ልሂድ? ዋይፋይ እዚያ በነፃ ነው ይላሉ።»

በላይብረሪው ወንበር ላይ፣ በማያውቁት ሰው መሃል፣ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ሲያነብቡ ታየኝ። «አይሂዱ፤ ስወጣ እመጣለሁ» አልኳቸው። ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው። «ሂጂና አዘናጊያት፤ የቀረን አንድ ሌሊት ነው» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደረስኩ። እትዬ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ዝናብ ያካፋል። ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። አቅፈው ሳሙኝና «ደክሞሻል፤ ትንሽ ሾርባ አለ» አሉ። እኔ ዐይናቸውን ማየት አቅቶኝ በቀጥታ ወደ ዘበኛዋ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሥራ የምሠራ ለመምሰል ትዕዛዝ እጽፋለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ነበር። ታብሌቷ በየጥቂት ሰከንዱ ቴሌግራምን ፍለጋ በሩን ታንኳኳለች፤ ዘበኛዋ ትመልሳታለች፤ እያንዳንዱ መመለስ አንድ አንድ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ተከልክሏል። ተከልክሏል። ተከልክሏል። ከሐሙስ ጀምሮ ስትጽፍ የኖረችው እልፍ መስመር ነበር።

እትዬ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እኔ ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አሉ። «አጥፍቼ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ አብርቻለሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰክቻለሁ። መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው። ቅዳሴው ይመጣል። አየሩም ይመጣል፤ ይኸው ዝናብ ይላል፣ እውነቱን ነው። አስካል ብቻ ናት የጠፋችው።»

«አንዳንዴ ካምፓኒው… ከፍሎ ይዘጋል፣ እትዬ።»

«ከፍሎ?»

«አዎ… አንዱን ትቶ አንዱን።»

በእርሳስ የጻፉበትን ወረቀት ሳቡ። የግድግዳው ማሞቂያ ይንጫጫል።

«ካምፓኒው ከሆነ ሁሉም እምቢ ይላል ብለሽኝ አልነበር? ጽፌዋለሁ እኮ።»

ተነሡና ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ተደግፈው ስክሪኑን አጎንብሰው አዩ።

«ይህ እየተንጠባጠበ የሚወርደው ምንድን ነው?»

«ታብሌቷ… ለመውጣት ስትሞክር ነው።»

«ታዲያ ለምን አትወጣም?»

ላፕቶፑን ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

«ሰኒ። ዘበኛዋ ሰው ካላዘዛት አትከለክልም ብለሽኛል።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማን አዘዛት?»

ከውጭ አንድ ትልቅ መኪና አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ። ዞረው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። የሚያውቀውን መንገድ ያየ ሰው ፊት ነበር።

«ታደሰ ነው?» አሉኝ።

ዐይኔን ወደ ኬብሎቹ መለስኩ።

«እኔም እኮ አድርጌዋለሁ፣ ልጄ። አገር ቤት የጎረቤቴ ባል አደጋ ደርሶበት ሲሞት የቤቷን ስልክ ሽቦ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገርም የስንቷን ሞባይል ‹ላየው እስቲ› ብዬ ጉያዬ ከትቻለሁ።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ማን ነው የሞተብኝ?»

«እትዬ፣ ሜሮን እስክትመጣ…»

«ሜሮን ደህና ናት? ከሜሮን ሌላ ያለኝ አንድ ሰው ነው። በይ ንገሪኝ።»

ሁለት ቀን የተማከርንበት፣ አሥራ አምስት ሰው ማለዳ ተሰብስቦ ሊያደርሰው የነበረው ነገር ከአፌ ወጣ።

«እትዬ አስካለ ናቸው።»

ጩኸት ጠበቅሁ። ሐኪም የሰጣቸውን ኪኒን በዐይኔ ፈለግሁ። አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመሩ። «ጀርባዬ ላይ…» አሉ። «ጀርባዬ ላይ ያደገች ልጅ… አስኩ… ጀርባዬ ላይ…» ተንበርክኬ አቀፍኳቸው። እንባቸው አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሞቃል። ምን ያህል ጊዜ እንዲያ እንደቆየን አላውቅም፤ አስር ሰዓት ግን ካለፈ ቆይቶ ነበር።

በኋላ ቀና አሉ። «ቀብሯስ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እዚያ አሁን ጠዋት ነው። ዛሬ ይሆናል። ክፈችልኝ።»

«ልብዎት…»

«ልቤ የኔ ነው! ብቻዬን አይደለሁም፤ አንቺ አለሽ። ቀብሯን ልይ። ክፈችው፣ ሰናይት።»

ሰኒ ነበር የሚሉኝ። ሙሉ ስሜን ሲጠሩ ያን ዕለት ሰማሁ።

በሩን ልከፍት ተቀመጥኩ። ከሕጉ አናት ላይ የጻፍኳቸውን መስመሮች አጠፋሁ። ታብሌቷን አየን፤ ትዞራለች። ለካ መስመሩን አጥፍቼ ዘበኛዋ ሕጉን እንደገና እንድታነብ አላዘዝኳትም፤ አሮጌውን ይዛ ተቀምጣለች። አዘዝኳት። የመከልከሉ ጽሑፍ ቆመ። ታብሌቷ ግን አሁንም ትዞራለች።

«ተከፈተ?»

«ትንሽ… ትንሽ ይቆዩኝ።»

የዘጋሁት እኔ፣ የምከፍተው እኔ ሆኜ ሳለ ማሰብ አቃተኝ። መጀመሪያ የሚሠራውን ፈልጊ፣ አልኩ ለራሴ። ቅዳሴው ይመጣል፤ መስመሩ ደህና ነው። ክልከላ እየተጻፈ አይደለም፤ ዘበኛዋ አልመለሰቻትም። ታዲያ ታብሌቷ በሩን አልፋ የምትሄድበት አድራሻ ጠፍቷታል ማለት ነው። ለምን? ያኔ ሁለተኛው ቁልፍ ትዝ አለኝ፤ ያ የኮራሁበት ቁልፍ። አድራሻውን ስትጠይቅ «የለም» ይላታል። እሱንም አጠፋሁ። አሁንም ትዞራለች! ታብሌቷ ራሷ ቀድሞ የሰማችውን «የለም» ይዛ ቀርታለች። አንዴ የዋሸናት ነገር፣ ውሸቱ ከተነሳ በኋላም አምና ተቀምጣለች። ከእትዬ እጅ ተቀብዬ አጥፍቼ አበራኋት።

ልክ ስትበራ መጮህ ጀመረች። ቲንግ። ቲንግ። ቲንግ። ያመለጠ ጥሪ፣ ያመለጠ ጥሪ፣ የድምፅ መልእክት። ትናንት አስር ሰዓት። ትናንት አስር ሰዓት ተኩል። ማታ። ሁሉም ከአንድ ሰው ነው።

«የሷ ስልክ ነው» አሉ እትዬ። «ህሊና ይዛው ይሆናል፤ ልትነግረኝ።»

እኔ ግን የመጨረሻውን መልእክት ሰዓት እያየሁ ነበር። የተላከው የዛሬ ግማሽ ሰዓት ነው። ጣታቸው ቀደመኝ፤ ነኩት።

«ዘኑ…» አለ ድምፁ። ደካማ ነው፤ ትንፋሽ ይቆራርጠዋል። «ዘኑ፣ ምነው ዛሬም ጠፋሽ? እኔ እንኳ ሐኪም ቤት ነኝ፤ አትደንግጪ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ታብሌቷን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ይህ መቼ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ዛሬ ነው።»

«ሙት ይናገራል እንዴ?»

«እትዬ… አልሞቱም። በሕይወት አሉ።»

መልሰው የደወሉት እሳቸው ናቸው። ህሊና አነሳች። «አክስቴ! የት ጠፋሽ? እማዬ ስልኩን ከእጇ አልለቅም አለች እኮ!» አለችና ስልኩን አዞረችው። እትዬ አስካለ ትራስ ላይ ተደግፈዋል፤ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ፊታቸው እፍኝ አክሏል። እህታቸውን ሲያዩ ግን ያ እፍኝ የሚያክል ፊት በራ።

«ዘኑ። ኔትወርክ ነው?» አሉ።

እትዬ ዘነበች ዞረው አዩኝ። ለአንድ ሰከንድ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ሰከንድ ውስጥ አለሁ። ከዚያ ወደ እህታቸው ተመለሱ።

«ኔትወርክ ነው፣ አስኩ። ሰኒ መጥታ ሠራችልኝ።»

«ተባረኪ በያት» አሉ እትዬ አስካለ።

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ ጋሼ ታደሰ ዘንድ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እትዬ አስካለ በሕይወት አሉ። አሁን እያወሩ ነው።»

«እኔው ነኝ» አሉ። «እኔው ነኝ የገደልኳት።»

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጡ። ሜሮንም፣ ‹እናትሽ ሰምታለች› ብቻ ብለዋት ኖሮ፣ ከሺፍቷ ወጥታ የነርስ ልብሷን ሳትቀይር ተከትላቸው ገባች። ገና ከበሩ በእንግሊዝኛ «ለምን ነገርሻት?» ብላ ጮኸችብኝ፤ አክስቷ በሕይወት እንዳሉ ነገርኳት። ወደ ሳሎን ሮጣ የአክስቷን ፊት ስታይ እናቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ታደሰ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ዘነበች አዩዋቸውና «ና ግባ፣ ታደሰ፤ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ያ መስመር ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። ከዓርብ እስከ እሑድ ታብሌቷ ጠረጴዛው ላይ እንደቆመች ነበረች። እህትማማቾቹ ብዙ አላወሩም። አንዷ ስታንቀላፋ ሌላዋ ታያታለች። «ምን በላሽ?» «አንቺስ?» ይባባላሉ። እኔ እየተመላለስኩ መስመሩን እጠብቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሌላ የምሠራው አጣሁ እንጂ። እሑድ ምሽት ላይ እትዬ አስካለ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ቀሩ። ህሊና አለቀሰች። እትዬ ዘነበች የታብሌቷን መስታወት በመዳፋቸው ዳሰሱና «እረፊ የኔ ልጅ» አሉ። መርዶ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለገም፤ እዚያው ነበሩ።

ልባቸውን ፈርተን ነበር። ልባቸው ቻለ።

አርባው ካለፈ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አላስጨረሱኝም።

«ሁለቱንም ቀን አስቤዋለሁ» አሉ። «ሐሙስንና ዓርብን። ሐሙስ ድምፅዋ ከዓርቡ ይሻል ነበር፤ መልእክቱን ሰምቼዋለሁ። ብናወራ ኖሮ ትስቅ ነበር። እሱን ይቅር ለማለት ጊዜ ስጪኝ፤ አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ መዋሸት ይሆናል። ውሸት ደግሞ ይበቃናል።» ከዚያ እርሳሳቸውን አነሡ። «በይ የዘበኛዋን የይለፍ ቃል አጽፊኝ። ሕጉንም ማንበብ አስተምሪኝ። ቤቴ የሚዘጋና የሚከፈተውን እኔ ልወቀው።»

አስተማርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ቤት የይለፍ ቃል እኔ ብቻ ይዤ አላውቅም። ባለቤቱ በእጁ ካልጻፈው ሥራውን ጨረስኩ አልልም። «አይገባኝም፣ አንቺው ያዢው» የሚለኝ ብዙ ነው። እስኪገባው እቀመጣለሁ።

ወገኖቼ፣ መርዶን አላጥላላም። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ወዳጁ ሲወድቅ ሊይዘው መሄዱ ከወግ ሁሉ የማከብረው ነው። እኛ ያጠፋነው ሌላ ነው። ልንደግፋቸው ነው ብለን ሕይወታቸውን ከእጃቸው ወሰድን፤ ለሐዘናቸው ስንጠነቀቅ ለደስታቸው የቀረችውን ሁለት ቀን ዘጋን። ደግሞ ሁላችንም ደጎች ነበርን። ይህን ነው ልብ በሉልኝ የምላችሁ፤ ከመካከላችን አንድ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ይበቃ ነበር። ነውር መስሎን ሳንጠይቅ ቀረን።

በዚያው ሰሞን ደሴ ላለው ወንድሜ ደወልኩለት። ታሪኩን በሙሉ ነገርኩትና «አንድ ቃል ግባልኝ» አልኩት። «የሆነ ነገር ሲሆን በዚያው ሰዓት፣ በቀጥታ፣ ለኔ ንገረኝ። ሥራ ላይ ብሆን፣ ብቻዬን ብሆን፣ ግድ የለህም።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ተቀምጠሻል?»

«ተቀምጫለሁ።»

«እታባ ሞታለች፣ ሰኒ። ስምንት ወር አለፋት።»

እታባ አክስታችን ናት። በደወልኩ ቁጥር «ጠበል ሄዳለች» ይሉኝ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ሰላምታ ስልክላት ኖሬያለሁ። ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር፣ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ወንድሜም ስልኩን ሳይዘጋ እስክጨርስ ቆየልኝ። ከዚያ አመሰገንኩት፤ «አሁን ደግሞ» አልኩት፣ «እንዴት እንደሞተች ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»